ጉማሬ ለማየት ስትቀመጡ አስቀድማችሁ ቁጠሩ

ስድስት ብቻ ነበሩ። ዓይኔን ጠርጌ እንደገና ቆጠርሁ፤ አሁንም ስድስት። ሰባተኛው፣ ጆሮ ቆራጣው ትልቁ ወንድ፣ የለም። ጠልቆ ይሆናል ብዬ ፋቲሃ መቅራት ጀመርሁ። አባቴ ያስተማረኝ ሰዓት እሱ ነበር፤ እጁ ላይ የሚያስረው ሌላ ሰዓት አልነበረውም። «ጉማሬ ሲጠልቅብሽ ፋቲሃን ቀስ ብለሽ ቅሪ፤ አምስት ስድስቴ ሳታደርሺ ብቅ ይላል። አሥር ሞልቶ ካልወጣ ውሃው ውስጥ የለም» ይለኝ ነበር። አሥር ሞላ። አላምን አልሁና አምስት ጨመርሁበት። ውሃው ዝም እንዳለ ነው።

ውሃው ውስጥ ከሌለ የብስ ላይ ነው። የብስ ላይ ከሆነ ደግሞ ከኋላችን ነው፣ ከፊታችን ያለው ውሃ ብቻ ነውና። የስምንት ዓመት ልጄ አገጯን ጭኔ ላይ አስደግፋ ግልገሉ እናቱ ጀርባ ላይ ሲወጣና ሲንሸራተት እያየች አፏን በእጇ አፍና ትስቃለች። የተቀመጥንባት ቦታ ዝቅ ያለች ናት፣ ወደ ውሃው ዝርግ ብላ የምትወርድ። በቀኛችን ገደል የሆነ ቦይ አለ። በግራችን የራሴ የሽንኩርት እርሻ የእሾህ አጥር እስከ ውሃው ወርዷል። ከኋላችን ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር ነው። ጉማሬና ውሃው መካከል የገባን ሰው ጉማሬ አይምርም። እኔ ልጄን ይዤ መካከሉ ላይ ቁጭ ብያለሁ።

ይኸን የምጽፈው ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር፣ ከተከራየኋት ቤት ነው። ወደዚያ ወንዝ ከሄድሁ ዓመታት አልፈዋል። ከኪራሙ ወዲያ ያለው አገራችን ሰላም ካጣ ወዲህ የሄደም የለም፣ የሚያወራም ጥቂት ነው። ያስጻፈኝ ከቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ጉራጌ ጎረቤቴ ነው። ለበዓል ልጆቹን ይዞ ወደ ደዴሳ ሊወርድ፣ ጉማሬ ሊያሳያቸው አስቦ፣ ሳሙና ልገዛ ስገባ «አንቺ የወንዝ አገር ሰው ነሽ አሉ፤ እንዴት ነው የሚታዩት?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ጀመርሁለት። ቆሜ አወራሁ፣ ኋላ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጬ አወራሁ። ገዢ መጥቶ ሄደ።

«ምነው ይኸን ሁሉ ለእኔ ብቻ! ጻፊው እንጂ» አለኝ።

«በምኔ እጽፋለሁ? ሦስተኛ ክፍል ያቆምሁ ሴትዮ ነኝ።»

«በቀኝ እጅሽ ነዋ! ደብተሩን እኔ እሰጥሻለሁ።»

ሰጠኝ። እስክሪብቶውን ግን ሸጠልኝ።

ጉማሬ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚቀመጥ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። ክረምት ላይ ውሃው ሲበዛ ወደ ላይ፣ ወደ ትንንሾቹ ወንዞች ይበተናሉ፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ማየትም አይቻልም። ኅዳር አልፎ ውሃው ሲጎድልና ድንጋዩ ሲገለጥ አንድ ባንድ እየወረዱ ጥልቅ ውሃ ያለበት ይሰበሰባሉ። እኛ ሰፋሪዎቹ ያን ጥልቅ ውሃ «ባሕሩ» እንለው ነበር። ባሕር አይተን አናውቅም እኮ! ከዚያ የበለጠ ውሃ የትም የሚኖር አይመስለንም ነበር። ታኅሣሥና ጥር ብርዱ ጠንቶ ማለዳ ማለዳ ጭጋግ ውሃው ላይ ሲተኛ፣ ከጭጋጉ ውስጥ «ፍፍፍሽ» የሚል ትንፋሽ ይሰማል። ገና ሳታዩዋቸው መምጣታቸውን ታውቃላችሁ። ልጆች ሆነን ያ ድምፅ ሲሰማ «መጡ! መጡ!» እያልን ከቤት ቤት እንሮጥ ነበር፣ ዘመድ ከሩቅ አገር የመጣ ይመስል። ዛሬ እዚህ ከተማ ማለዳ የሚቀሰቅሰኝ ባጃጅ ነው። ብርዱ ያው ብርድ ነው፤ የሚመጣ ግን የለም።

እኛ በድርቁ ጊዜ ከወሎ በመኪና ተጭነን የመጣን ነን። እኔ ያኔ ጥርሴ ገና እየረገፈ የነበርሁ ሕፃን ነኝ። የኛ ሰው ወንዝ ሲል የሚያውቀው ፍየል በእግሯ የምትሻገረውን ነው። በመጣን ሰሞን ሴቶቹ ልብስ ሊያጥቡ ወረዱና ከውሃው መሀል ጥቁር ለስላሳ ድንጋዮች አዩ። ለማጠቢያ እንዲህ ያለ ድንጋይ የት ይገኛል ብለው ተደሰቱ። አንዷ አክስቴ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባች፣ የባሏን ጋቢ ትከሻዋ ላይ አድርጋ። ያን ጊዜ ድንጋዩ ጆሮውን አራገበ። አክስቴ ጋቢውን ጥላ ወጣች፤ ጋቢው ወንዙን ይዞ ሄደ። ባሏ እስኪሞት ድረስ «ጋቢዬን ለድንጋይ ያለበሰች» እያለ ይስቅባት ነበር።

አባቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉማሬ ማየት ያዘ። ሥራ ፈት አልነበረም፤ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ብቻ ነው የሚሄደው፣ እኔን ትከሻው ላይ አድርጎ። የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ከእሱ ነው፣ ከእሱና ከአንዲት የአገሩ ተወላጅ ከሆነች ጎረቤታችን። አዮ ነበር የምንላት፤ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። አዮ ባል የሞተባት፣ ቀጥ ያለች፣ ቸርች የማትቀር ሴት ናት። እርሻዋ ከእርሻችን ጎን ነው። እኔን ካደግሁ በኋላም፣ ወልጄም፣ «ኢንተላ ኮ» ትለኝ ነበር፤ ልጄ እንደማለት።

እንግዲህ ለጎረቤቴ የነገርሁትን ልንገራችሁ። ስትሄዱ ነጭ አትልበሱ። ውሻ አታስከትሉ። ነፋሱ ከእናንተ ወደ ውሃው የሚነፍስ ከሆነ ዙሩ ወይም ሌላ ቀን ሂዱ፤ ሽታችሁ ቀድሟችሁ ከደረሰ አፍንጫቸውን እንጂ ሌላ ነገር አታዩም። በጣም ማልዳችሁ አትሂዱ፤ ያኔ ገና ከግጦሽ እየተመለሱ ነው። ፀሐይ ወጥታ ጭጋጉ ሲገለጥ እነሱም ሊሞቁ አሸዋው ላይ ይወጣሉ፣ እንደ ሰው ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ይተኛሉ። ያን ጊዜ ነው ማየት። አፉን በሰፊው ሲከፍት «እንቅልፉ መጣ» ብላችሁ አትሳቁ፤ ሂዱልኝ ማለቱ ነው። ቁጥቋጦ ላይ ፋንድያ እንደ ጭቃ ተረጭቶ ካያችሁ እዚያ አትቀመጡ፤ በጅራቱ የበተነው እሱ ነው፣ መንገዴ ነው ማለቱ ነው። የጉማሬ መንገድ ደግሞ ያታልላል። ሣሩ ውስጥ እንደሱ የተጠረገ፣ የለሰለሰ መንገድ የለምና እንግዳ ሰው «ይኸ መልካም መንገድ» ብሎ ይገባበታል። ቦታችሁ ከፍ ያለ ይሁን። ከሁሉ በፊት፣ ሳትቀመጡ፣ ሳታወሩ፣ ልጅ ሳታስቀምጡ፣ ቁጠሩ። ትናንት ስንት ነበሩ፣ ዛሬስ ስንት ናቸው።

ይኸን ሁሉ አውቄ ነው እንግዲህ ያን ቀን እንደዚያ የሆንሁት።

አባቴና አዮ አንድ ውል ነበራቸው። ወንዙ ዳር የበጋ እርሻ ስንጀምር፣ በሁለታችን እርሻ መካከል የጉማሬዎቹ መንገድ ያልፍ ነበር፣ ከግጦሹ እስከ ውሃው። ጎዳናው እንለዋለን። አባቴ ሊያጥረው ፈልጎ አዮ «እርሻህን እጠር፣ የነሱን መንገድ ግን አትንካ፤ እኛ ሳንመጣ የነበረ ነው» አለችው። ሰማት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር ላይ አጥር ከመታጠሩ በፊት የሁለቱም ወገን ሰው ወጥቶ ጎዳናውን ይጠርጋል። የወደቀ ግንድ ይነሣል፣ የበቀለ ቆንጥር ይቆረጣል። ኦሮሞውም እኛም አንድ ላይ ነን። ከዚያ አዮ የቀቀለችውን አንጮቴ በቅቤ አድርጋ ታቀርባለች፣ የኛ ሴቶች ደግሞ ቂጣ ያመጣሉ። ሽማግሎቹ ጎዳናው ላይ ተቀምጠው እየበሉ «እንግዶቻችን ዘንድሮ ስንት ይሆኑ?» እያሉ ይጫወታሉ። እንደዚያ ያለ ቀን ዛሬ ብነግራችሁ የምታምኑኝ አይመስለኝም። ነበር ግን። እኔ እዚያ አንጮቴ በልቻለሁ።

ያን ዓመት አባቴ ከሞተ ሁለት በጋ ሆኖት ነበር። ባሌ ሽንኩርት ይዞ ጊዳ አያና ገበያ ሄዷል፤ በማግሥቱ ነው የሚመለሰው። ወደ ማታ ጎመን ልቀጥፍ እርሻው ገብቼ ከስኳር ድንቹ መደብ አጠገብ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ የእግር ኮቴ አየሁ። የእንስራ አፍ ያህላል። አጥሩን አልነካም፤ ጎዳናውን ይዞ ነው ያለፈው። ሁልጊዜም እንደዚያው ነው። እኔ ግን ፈሪ ነኝ። ባሌ «አንቺ እኮ ጥላሽ ሲከተልሽ ዞረሽ ትሰድቢዋለሽ» ይለኛል። ብቻዬን መሆኔ፣ ልጄ ቤት ውስጥ መሆኗ፣ ኮቴው ትኩስ መሆኑ አንድ ላይ መጣብኝ። ትርፍ የቆንጥር ቅርንጫፍ ነበረን፤ እየጎተትሁ የጎዳናውን የላይኛውን አፍ ዘጋሁት። ከዚህ እንዳያልፍ ብዬ። ማን ነው እንደዚህ ያደረገ ብትሉኝ ከዚያ በፊት ማንም አላደረገውም። እኔም ያደረግሁትን አውቄዋለሁ፣ ምክንያቱም ስጨርስ አዮ አይታኝ ይሆን ብዬ ዞሬ አየሁ።

ያላሰብሁት ነገር ይኸ ነው፤ ስዘጋው ጆሮ ቆራጣው ቀድሞ ወጥቷል። ሊመለስ ሲመጣ መንገዱ እሾህ ነው።

ጠዋት ልጄ «እማ፣ ግልገሉን፣ ግልገሉን» ብላ አስጨነቀችኝ። ዘንድሮ የተወለደ ነው፤ ልጆቹ ሁሉ አይተውት እሷ ገና አላየችውም። ሁልጊዜ የምንቀመጠው ከአዮ እርሻ ራስጌ ካለው ትልቅ ዋርካ ሥር ነበር። ከፍ ያለ ነው፣ ግንዱም ሰውን ይከልላል። ወደዚያ ለመሄድ ግን በጎዳናው አፍ፣ በዘጋሁት እሾህ አጠገብ፣ በአዮ ደጅ ማለፍ አለብኝ። አፈርሁ። ልክፈተውና ልሂድ አላልሁም፣ ልንገራት አላልሁም፣ ልጄን ይዤ በወዲያኛው በኩል፣ ዞሬ፣ ከእርሻችን በታች ወዳለችው ዝቅተኛ ቦታ ወረድሁ። ጭጋጉ ገና አልተነሣም ነበርና ሳልቆጥር ተቀመጥሁ።

ጭጋጉ ሲነሣ ቆጠርሁ። የቀረውን መጀመሪያ ላይ ነግሬያችኋለሁ።

ያን ጊዜ ከኋላችን ነጫጭ ወፎች ብድግ አሉ። ከብት ጀርባ ላይ የሚቀመጡት ወፎች ናቸው። ብዙም አልራቁም፣ ዞረው እዚያው ሣሩ ላይ አረፉ። አንድ ትልቅ ነገር ከሥራቸው አለ ማለት ነው። ሣሩ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ፣ ነፋስ ሳይኖር።

ልጄን ጆሮዋ ላይ «ተነሽ። እንዳታወሪ» አልኋት።

«ለምን?»

«እንሂድ።»

«ገና አሁን እኮ ነው የመጣነው! እማ፣ ደግሞ ፈራሽ አይደል?» አለችኝ። የአባቷን ሳቅ ሳቀች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን «አልፈራሁም» እላት ነበር። «አዎ፣ ፈራሁ። በጣም ፈራሁ። እጄን ያዢ» አልኋት። ፊቴን አየችና ሳቋ ቆመ። ልጅ እናቱ ስትዋሸው ያውቃል፣ እውነት ስትነግረውም ያውቃል።

በቀኝ ገደል ነው። ውሃው አይሆንም፤ ስድስቱ እዚያ ናቸው፣ ግልገል ያላትም አለች። ወደ ሣሩ አይሆንም። የቀረን አጥሩ ነው፣ ባሌና እኔ ለሁለት ሳምንት ጠቅጥቀን፣ ዶሮ አይገባበትም ብለን የኮራንበት አጥር። ነጠላዬን አወለቅሁና ከሥር ባለው ቅርንጫፍ ላይ ጠመጠምሁት። ከዚያ ጎንበስ ብዬ በጀርባዬ አነሣሁት። ቆንጥር ታውቃላችሁ አይደል፣ ጥፍሩ ወደ ኋላ የተቆለመመ፤ ሲገባ አይደለም፣ ሊወጡ ሲሉ ነው የሚይዝ። ጀርባዬ ላይ ሲገባ ተሰማኝ። «ግቢ፤ በሆድሽ» አልኋት። ገባች። ቀሚሷ ተያዘ፤ ጎተትሁት፣ ተቀደደ። «ቀሚሴ!» አለች ጮክ ብላ።

ጩኸቷን ጉማሬው ሰማ መሰለኝ። ሣሩ ተከፈለና ወጣ። ያን ያህል ቅርብ ሆኜ አይቼው አላውቅም። ውሃ ውስጥ ሲሆን ጆሮና ዓይን ብቻ ነው፤ የብስ ላይ ግን ሆዱ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ቆዳው የደረቀ፣ ከጎኑ ቀላ ያለ ላብ የሚወርደው ግዙፍ ነገር ነው። እኔን አላየኝም ይሆናል፤ ውሃውን ነው የሚያየው። ትንፋሹ እንደ ወናፍ ነው። ቆመ። አፉን ከፈተ። ወንዙ ዳር ባደግሁበት ዘመን ሁሉ ያን አፍ ከሩቅ እያየሁ ምን ማለት እንደሆነ ለሕፃናት ስናገር ኖሬያለሁ፤ ለእኔ ሲባል ግን የመጀመሪያዬ ነው።

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ከልጄ ጎን፣ ሽንኩርቱ መደብ ላይ፣ በሆዴ ተኝቼ ራሴን አገኘሁት። ነጠላዬ እዚያው ቀረ። ያ አጥር እሱን እንደማያቆመው አውቃለሁ፤ ቢፈልግ እንደ ሸረሪት ድር ነው የሚያልፍበት። ስለዚህ እዚያው ተኝተን አልቆየንም። እጇን ይዤ ተነሣሁ። መሮጥ አልቻልንም፤ ማታ ውሃ የለቀቅሁበት ነው፣ ቦዩ ያንሸራትታል። በመደቡ መካከል፣ አንድ እግር ባንድ እግር፣ ሽንኩርቱን እየረገጥን ሄድን። ሽንኩርት መርገጥ በቤታችን ነውር ነው። ልጄ አጎንብሳ የረገጠችውን አየችና ቀና ብላ አየችኝ። «ርገጪው» አልኋት። «ሁሉንም ርገጪው።» ከኋላችን ሲያጓራ ሰማን፤ ያ ድምፅ በጆሮ ብቻ አይደለም፣ በእግርም ይሰማል። አልዞርንም።

የእርሻችን በር ወደ ጎዳናው ነው የሚከፈተው። ከፍቼ ወጣን። ከዚያ ወደ ላይ ነው፣ ወደ አዮ ቤት። ሮጥን አሁን። ጎዳናው ለስላሳ ነው፣ ይሮጥበታል። ልጄ ከፊቴ ናት። ድንገት ቆመች።

«እማ፣ ተዘግቷል!»

የዘጋሁት እሾህ ነው። ከብት እንኳ ገፍቶ የማይከፍተው አድርጌ ነው የዘጋሁት። በቀኝ የአዮ አጥር፣ በግራ የኛ አጥር፣ ከፊታችን የእኔ እጅ ሥራ። እሱ ደግሞ ወደ ውሃው ይግባ፣ መንገዱን ይዞ ከታች ይምጣብን፣ አናውቅም። 

ከእሾሁ ወዲያ ሰው ቆሞ ነበር። አዮ ናት። እንስራዋን መሬት አስቀምጣ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እሾሁን ታያለች።

«ኤኙቱ ጩፌ?» አለች። ማን ነው የዘጋው ማለቷ ነው። ለእኔ አልነበረም፤ ገና አላየችኝም፣ ለራሷ ነው።

«አነ፣ አዮ። እኔ ነኝ» አልሁ። ድምፄን ሰምታ ጎንበስ ብላ በቅርንጫፎቹ መካከል አየችን፤ የተቀደደውን ቀሚስ፣ ባዶ ራሴን፣ እጄን።

«አንቺ? ያባትሽ ልጅ?»

«ሮቢው ከኋላችን ነው» አልኋት። ጉማሬን ሮቢ ነው የሚሉት። «ከታች አለ። አላለፈም። መንገዱን ዘግቼበት ነው።»

ልታወራ አፏን ከፍታ ተወችው። «ወሬው ይቆይ። አንቺ ከዚያ ግፊ፣ እኔ ከዚህ እጎትታለሁ። አንቺ ትንሿ፣ እሾህ አትንኪ፣ ከእናትሽ ኋላ ቁሚ፣ ወደ ታች እያየሽ። ካየሽው ንገሪን።»

ጎተተች። ያቺ አሮጊት ነጠላዋን እጇ ላይ ጠቅልላ ትልቁን ቅርንጫፍ ይዛ ወደ ኋላ ሄደች። እኔ በባዶ እጄ ገፋሁ። ልጄ ከኋላዬ ሆና «የለም። የለም። አሁንም የለም» ትላለች፤ ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። ሦስት ቅርንጫፍ ተነሣ። በአራተኛው ልጅ የምታሾልክ ቀዳዳ ሆነ። «እሷን መጀመሪያ» አለች አዮ፣ እኔም ያው ብዬ ነበር። በብብቷ ስር ይዤ አቀበልኋት። አዮ ተቀብላ ከኋላዋ አደረገቻት። ልጄ ከወዲያ ሆና ስታየኝ፣ እኔ ገና ከወዲህ ስሆን፣ ፍርሃቴ ቀለለልኝ። እንግዳ ነገር ነው፤ ግን እንደዚያ ነበር።

ከዚያ እኔ ወጣሁ። ወጥቼ ልሄድ ስል አዮ ክንዴን ያዘችኝ። «ወዴት? ቀሪውንስ?» አለች። ሁለታችንም ተመልሰን ቀሪውን እሾህ አነሣን፣ እያንዳንዱን፣ መንገዱ ወለል እስኪል። እጄ እየደማ፣ ልጄ እየጠራችኝ፣ አነሣሁ። «መንገዱን ካገኘ ሰው አይፈልግም» አለች አዮ። ሌላ ነገር አላለችኝም። ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም፣ ለባሌም፣ ለመንደሩም አልተናገረችም። በሚቀጥለው ኅዳር ጎዳና ስንጠርግ ብቻ ከሰው ሁሉ ፊት መጥረቢያውን ለእኔ ሰጠችኝ፤ «ዘንድሮ አንቺ ጀምሪ፣ አንቺ መንገዱን በደንብ ታውቂዋለሽ» አለች። ሌሎቹ ለአባቴ ክብር ነው ብለው አሰቡ። እኔና እሷ ብቻ ሳቅን። አዮ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ብዙ ጠይቄያለሁ። በሕይወት ካለች ይኸን የሚያነብላት ሰው እንዳታጣ እለምናለሁ።

ልጄን አዝዬ፣ ለመታዘል ትልቅ ብትሆንም አዝዬ፣ የአዮን ደጅ ዘለቅሁ። አዮ ከኋላችን ገብታ የጣውላ በሯን ዘጋች፣ መወርወሪያውንም አደረገች። ጨለማ ነው ቤቷ፣ ከውጭ ለገባ ሰው ምንም አያሳይም። ልጄን መደቡ ላይ አስቀመጥሁና እግሯን፣ እጇን፣ ራሷን በእጄ ዳሰስሁ፤ ጭረት እንጂ ሌላ የለባትም። ከታች፣ ከወንዙ፣ ከባድ ነገር ውሃ ውስጥ ሲገባ ተሰማ። «ገባ» አለች አዮ። «ገለተ ዋቃ» ብላ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

እኔ አልሐምዱሊላህ አልሁ። ልጄ «እማ፣ ደረስን?» አለችኝ፣ ገና አንገቴን እንደያዘች።

«አዎ፣ ደረስን» አልኋት። «ቤት ውስጥ ነን። ደኅና ነሽ፤ እኔም ደኅና ነኝ።»